ሃያ ጊዜ «ለሚመለከተው ሁሉ»

ሰው ላይ መጮህ አልወድም። ሙኒር ላይ ግን በተዋወቅን በሩብ ሰዓት ውስጥ ጮኼበታለሁ፤ ያውም ደንበኛ ፊት።

ያኔ ዶሮ ማነቂያ ገና ሰፈር ነበረ። ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ገባ ብሎ የጋሽ አባይነህ ጽሕፈት ቤት ነበር። ጋሽ አባይነህ በታይፕ ዘመን ለግማሽ ፒያሳ ማመልከቻ የጻፉ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ «ከእንግዲህ ጣቴ አይማርም» ብለው እኔን የቀጠሩ ሰው ናቸው። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳ የተደገፈ ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ ይኸው ነው ያለን። ውል፣ ማመልከቻ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ ሁሉም በእኔ ጣት ያልፋል። ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ችግሩን ይነግረኛል፤ እኔ «ጉዳዩ» ብዬ ከሥሩ አሰምርና እጀምራለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ የኔ ወንበር ላይ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ተቀምጧል። ስክሪኑ የማላውቀው መልክ ይዟል።

«ምን አደረግከው?»

«ቫይረስ ጨርሶት ነበር። አጥፍቼ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ጫንኩበት።»

«ማን አዘዘህ?»

«እኔ ነኝ፣ ረይሁ» አሉ ጋሽ አባይነህ ከፎቶ ኮፒው ጀርባ። «ፍላሽ ይዞ የሚመጣው ሁሉ በሽታውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ይሄኛውን ቫይረስ አይደፍረውም አለኝ። ሙኒር ይባላል፤ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ መውረጃ ላይ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው እሱ ነው።»

ሙኒር ተነስቶ ወንበሬን በእጁ አበስ አበስ አድርጎ ለቀቀልኝ።

አማርኛው እንደ ድሮው ይጻፋል፤ ለሱ አመሰገንኩ። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ። ባለፈው ሳምንት ለጎረቤታቸው የጻፍኩትን ከፍቼ የላይኛውን አንቀጽ ቀዳሁ፣ ሰነዱን ዘጋሁ፣ አዲስ ገጽ ከፈትኩ፤ ልለጥፍ ስል ባዶ። ደገምኩት፤ ባዶ። ሦስተኛ ሞከርኩ። እትዬ አስካለ «ልጄ፣ ልሂድና ልምጣ?» ሲሉኝ ነው የጮኽኩት።

«አንተ! የቀዳሁት የት ሄደ?»

«ሰነዱን ዘጋሽው?»

«ዘጋሁታ!»

«እዚህ ላይ የቀዳሽበትን ሰነድ ከዘጋሽ የቀዳሽውም አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ለጥፊ፣ ከዚያ ዝጊ።»

«እና ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የተቀደደ ኪስ?»

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መዳፉ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና ወጣ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስጠይቀው ለካ «የተቀደደ ኪስ» ብሎ ነው የጻፈው።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሊኑክሱ ራሱ ይዞት የሚመጣ፣ የቀዱትን ነገር የሚያስቀምጥ ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ እሱን አስነሳልኝ። አንድ ቀን ተኩል ደስ አለኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ያስቀመጥኩት ሁሉ የለም።

«ኪስህ ተራገፈ» ብዬ ደወልኩለት።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስደርስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ያንን አውጥቼ ሌላ ላስገባልሽ ነው» አለኝ። «ሦስት ዓይነት ሞክሬ ነው ይሄን የመረጥኩት። ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ መብራት ቢሄድም አይረሳም።»

አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ስጫን ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ መጨረሻ የቀዳሁት ከላይ፣ የቀደሙት ከሥሩ በተራ በተራ። የፈለግኩትን መርጬ ስጫነው ገጹ ላይ ቁጭ ይላል። ፊደሉ አይሰበር፣ መስመሩ አይዛባ።

«ስንት ይይዛል?»

«ብዙ ይይዝ ነበር፤ ማሽንሽ ግን ሽማግሌ ነው፤ ሃያ ላይ ገደብኩት። ሃያ አንደኛውን ስትቀጂ ከታች ያለው ይወድቃል። የማይወድቅ የምትፈልጊው ካለ ደግሞ ይቺን ተጫኚ፤ ትሰኪዋለሽ። የሰካሽው ነገር ምንም ብትቀጂ ንቅንቅ አይልም።»

«ሃያ ኪስ!» አልኩና ሳላስበው ክንዱን መታ አደረግኩት።

ሁለታችንም ቶሎ ብለን ወደ ስክሪኑ ዞርን። እዚያ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የማይመጣበት ቀን አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ ከጎናችን ካለው ኬክ ቤት ሁለት ማኪያቶ በሁለት እጁ ይዞ፣ በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ፣ «ኪስሽ እንዴት ነው?» ይላል።

«እስካሁን አልተቀደደም» እላለሁ።

ደንበኛ ሲሳሳ ዝርዝሩን ከፍተን ከታች ወደ ላይ እናነባለን። የእትዬ አስካለ የቤት ቁጥር። የአቶ ገብረዮሐንስ የልጅ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት። የሀጂ እንድሪስ የሱቅ ፈቃድ እድሳት። ማክዳ፣ ድልድዩ መውረጃ ላይ ካልሲ የምትሸጠው፣ ለእህቷ ልጅ ያጻፈችው የትምህርት ቤት ማዛወሪያ።

«ሰፈሩን በሙሉ ኪስሽ ከተሽዋል እኮ» አለኝ አንድ ቀን።

«አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

ይሄን ያልኩት በቀልድ ነው። እሱም በቀልድ ሳቀ። ሳቁ ግን ከቀልዱ ቆየ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ያልተጻፈ ነገር ሳርም ቆየሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይሸኘኛል። አባቴ አብዱልሙሀይሚን ከድልድዩ ማዶ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ዛሬም ቀጥ ያለ መስመር ይሰፋል፤ ዓይኑ ግን የመርፌ ቀዳዳ ማየት ካቆመ ቆይቷል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከቤት ሳልወጣ በፊት አሥር መርፌ ክር አስገብቼ ኮቱ ደረት ላይ እሰካለታለሁ። አሥሩ ሲያልቅበት እጁን አጣጥፎ እኔን ይጠብቃል። አንድ ቀን ሙኒር አሥራ አንደኛ መርፌ ላስገባልዎት ብሎ፣ ክሩን በምራቁ እያረሰ ሲታገል ቆይቶ አቃተው። አባቴ «አብሽር፣ አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ» ብሎ አጽናናው።

ወደድኩት። መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ አራት ሰዓት ሲቃረብ ጣቴ መፍጠን ይጀምራል፤ አራት ሰዓት አልፎ በሩ ካልተገፋ ደግሞ የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ይሆናል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። በቀልድ ከእኛ የሚበልጥ አራዳ አልነበረም፤ ቁም ነገሩ ላይ ግን ሁለታችንም ፋራ ነበርን።

ከዚያ ወሬው መጣ፤ ከወሬው በኋላ በየግድግዳው ላይ የቀለም ምልክት። ሰፈሩ ሊነሳ ነው። አግዳሚ ወንበራችን ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል፤ ቦታ ያጣ በር ላይ ይቆማል። የምትክ ቤት ጥያቄ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የልጆች ማዛወሪያ። ሰዉ ለማን እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት ስለነበር አብዛኛው ማመልከቻ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዚያ ሁለት ሳምንት ስንት ጊዜ እንደለጠፍኩት አላህ ይወቅ።

ጋሽ አባይነህ የመጨረሻ የሥራ ቀናችን ዓርብ ነው አሉ። ዓርብ ረፋድ ላይ ሙኒር መጣ። እጁ ላይ ማኪያቶ የለም።

«ረይሁ፣ አንዲት ደብዳቤ አለችኝ።»

«ተራህን ጠብቅ» አልኩት እንደ ልማዴ።

እንደ ልማዱ አልሳቀም። አግዳሚው ላይ ከአምስት ሰው ኋላ ተቀመጠና ተራውን ጠበቀ። ሲደርሰው ፊት ለፊቴ መጣ፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ የለም።

«ጉዳዩ?» አልኩት።

«የሥራ ቅጥር መቀበልን ስለማሳወቅ።»

ገባኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ በየዓመቱ የኮምፒውተር መምህር ይፈልጋል፤ ሙኒርም በየዓመቱ ያመለክታል። ሦስቱንም ማመልከቻ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። «እንደዚህ ያለ ወረቀት ካልተቀበሉ ዓይን የላቸውም» እያልኩ ነው የጻፍኩለት። እና ዓይን ገዙ።

«ቀጥል» አልኩት።

«የተሰጠኝን የመምህርነት ሥራ በደስታ…» ቆመ። «በደስታ ይባላል?»

«እንደ ደስታህ ነው።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

ፎቶ ኮፒው ይጮኻል። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወረቀታቸውን እያገላበጡ ነው። ዓይኑ ከፊቴ አልተነሳም፤ ምን እንደሚጠይቀኝ በደንብ አውቃለሁ። «አትሂድ» ብለው የሦስት ዓመት ልፋቱን የቀማሁት እኔ ልሆን ነው። «ውሰደኝ» ብለው የአባቴን መርፌ ማን ያስገባል? ሁለቱም አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እኔ ደንበኛ ያለኝን ነው የምጽፈው» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። «እሺ። ‹በደስታ›ን አውጪው።»

አወጣሁት።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ሰኞ።»

«ቀኑን ስንት ልበል?»

«የዛሬን በይ።»

አተምኩ፣ ፈረመ፣ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፈው። ደብዳቤ የሚያጥፍ ደንበኛን ሁሌ እቆጣ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ዝም አልኩ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ከቤኒን መስጊድ አዛን ሲሰማ ግማሹ ሰው ለጁምዓ ተነሳ፤ ሌላው ምሳውን ሊበላ ወጣ። ጋሽ አባይነህም ወረዳ ሄደዋል። ጽሕፈት ቤቱ እንዲያ ባዶ ሆኖ አላየሁትም ነበር። አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ስንት ዓመት የሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ጻፍኩ።

«ሙኒር፣ አትሂድ አልልህም። ሦስቱንም ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን በር ገፍተህ ‹ኪስሽ እንዴት ነው› ሳትለኝ የዋልክበት ቀን ሁሉ ሥራ አልገባልኝም። እወድሃለሁ። አባቴን ጥዬ አልመጣም፤ አንተንም አስቀርቼ ዓይንህን ማየት አልችልም። ስለዚህ ይሄ ደብዳቤ አድራሻ የለውም።»

ውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሁሉንም መርጬ ቆረጥኩት፤ ገጹ ባዶ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዴን መናገር አለብኝ። ጽሕፈት ሥራ ላይ የሰው ምስጢር እጅሽ ላይ ይቀራል፤ የአንዱን ደንበኛ ጉዳይ ሳታስቢው ለሌላው ትለጥፊዋለሽ። ስለዚህ በድሮው ኮምፒውተር ምስጢር ነገር ስቀዳ በላዩ ሌላ እቀዳበት ነበር፤ ያኛው ይጠፋል። የቆረጡትም እንደ ቀዱት ኪስ ውስጥ ይገባል፤ አሁን ደግሞ ኪሱ ሃያ ነው። እንግዲህ ሃያ ጊዜ መቅዳት አለብኝ። የእትዬ አስካለ ማመልከቻ ተከፍቶ ነበርና የመጀመሪያውን መስመር፣ «ለሚመለከተው ሁሉ»ን መረጥኩ። በጣቴ እየቆጠርኩ ሃያ ጊዜ ቀዳሁት። ለጥንቃቄ ሃያ አንደኛ ጨመርኩ። ቃሌ ከሥር ወድቆ ቀረ ብዬ አሰብኩ፤ ዝርዝሩን ከፍቼ ለማየት ግን አልደፈርኩም።

የገቡት እትዬ አስካለ ናቸው። «ምነው ፊትሽ ቀላ?» አሉኝ።

«ሙቀቱ ነው።»

የሳቸውን ማመልከቻ አትሜ ሰጠሁና ማሽኑን አጠፋሁ። በቃ፤ ሥራችን እዚያ ላይ አለቀ።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ዕቃ ስናስር ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጋሽ አባይነህ ደወሉ።

«ረይሁ፣ እንደምንም ብለሽ ነይ። አንዲት ማመልከቻ ቀርታኛለች፤ የራሴ ናት።»

ስደርስ አግዳሚው የለም፣ ፎቶ ኮፒው የለም። የኔ ኮምፒውተር ብቻ መሬት ላይ ባለ ካርቶን ላይ በርቷል።

«ይሄ ላንቺ ነው» አሉኝ። «ትወስጂዋለሽ። የሰው ጉዳይ እንዳይቀርበት ብዬ ሙኒር እንዲያጸዳው ጠርቼው ነበር፤ ጠዋት ሲነካካው ነበር።»

ካርቶኑ ፊት ተንበረከክኩ። «ለማን ልበል?»

«‹ለሚመለከተው ሁሉ› በይ።»

እጄ ከልማዱ ሁለቱን ቁልፍ ተጫነ፤ ዝርዝሩ ተከፈተ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ሃያ ቦታ ላይ አልነበረም። አንድ ቦታ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ብቻ ነበር። ከሥሩ «ሙኒር፣ አትሂድ አልልህም» ይላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ ያልቀዳሁት ጽሑፍ ተቀምጧል።

«ረይሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ፕሮግራም አንድን ነገር ሃያ ጊዜ ብትቀጂው አንዴ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ወደ ላይ ያወጣዋል እንጂ ሌላውን አይገፋም። ሳልነግርሽ ቀረሁ። የደንበኞችን ልደመስስ ስከፍተው ስሜን አየሁ። የሌላ ሰው ስም ቢሆን አልፈው ነበር፤ የኔ ሲሆን አልቻልኩም፤ አነበብኩት። ካልፈለግሽው ደምስሺው፤ እኔም አላየሁም፤ ሰኞ እሄዳለሁ። ከፈለግሽው ግን ስኪው። እስከ አሥር ሰዓት ባንኮኒዬን ስነቅል ታገኚኛለሽ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እፍረቱ ከአንገቴ ጀምሮ ወጣ፤ ከእፍረቱ ቀጥሎ የመጣውን ደስታ ግን እንኳን ያኔ ዛሬም ልጽፈው አልችልም።

ቀና ስል ጋሽ አባይነህ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«አንብበዋል?» አፈጠጥኩባቸው።

«እኔ ኮምፒውተር አልችልም።»

«ጋሽ አባይነህ!»

«የኔ ማመልከቻ ይደርሳል» አሉ። «ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው። ሂጂ።»

የኔንም የሱንም ሰካሁና ወጣሁ። መስካት ብቻውን እንደማይበቃ ግን ገብቶኛል፤ የሰካሁትን እሱ ከየት ያየዋል? አሁን በአፌ መናገር ነበረብኝ።

የለመድኩት ማቋረጫ በቆርቆሮ ታጥሯል። ዞሬ በዋናው መንገድ ወረድኩ፤ ነጠላ ጫማዬ ሁለት ጊዜ ወለቀ። የሙኒር ባንኮኒ የነበረበት ግድግዳ ላይ አራት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

«ማክዳ! ሙኒርስ?»

«አሁን ወጣ» አለች ካልሲዎቿን እያጠፈች። «ሰዓቱን ሃያ ጊዜ አየና ጣውላውን ተሸክሞ ወረደ።»

ድልድዩ ላይ ደረስኩበት። የባንኮኒውን ጣውላ ትከሻው ላይ አጋድሞ መሃል ላይ ቆሟል፤ ወደ እኔ ቤትም አይሄድ፣ ወደ ኋላም አይመለስ።

«ሙኒር!»

ከነጣውላው ዞረ። አንድ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ አመለጠ።

«አሥር ሰዓት ሆነ» አለ። «ደምስሰሽዋል ብዬ…»

«ሰዓትህ ይቀድማል።»

«ታዲያ ሰካሽው?»

ትንፋሼ ተቆራርጧል። ከፊቴም ከኋላዬም ሰው አለ። ይሄን ለማለት ከዚያ የባሰ ቦታ በአዲስ አበባ አይገኝም።

«የጻፍኩት እውነት ነው» አልኩት። «እወድሃለሁ። ሦስት ዓመቴ ነው። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም፤ ኪሴን ብቻ ትጠይቃለህ!»

«ሌላ ነገር ከጠየቅኩሽና እምቢ ካልሽኝ ኪስሽንም መጠየቅ እንዳልችል ፈርቼ ነው» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔም እወድሻለሁ፣ ረይሀና። ገና የተቀደደ ኪስ ካልሽኝ ጀምሮ።»

ጣውላው መንገዱን ከጫፍ ጫፍ ዘግቶታል። ከኋላችን የድንች ጆንያ የተሸከመ ሰው ጮኸ፦

«ወይ ተጋቡ፣ ወይ አሳልፉን!»

ድልድዩ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሙኒር ጣውላውን ወደ ዳር አዙሮ አሳለፋቸው፤ የቀረውን መንገድ ጣውላውን በሁለት ጫፍ ይዘን እያወራን ሄድን። እኔ አባቴን ጥዬ አልሄድም አልኩ። እሱ አንቺን ጥዬ አልሄድም አለ። ቤት እስክንደርስ ሁለታችንም ከቃላችን ፈቀቅ አላልንም።

እሑድ ረፋድ ላይ ጋሽ አባይነህና ሀጂ እንድሪስ ሙኒርን አስከትለው መጡ። ቤታችን ጥቅል በጥቅል ሆኗል፤ የአባቴ የስፌት መኪና በገመድ ታስሯል። እንግዶቹ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ሲመጣ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም እያሉ መጀመር ደንብ ነው። ጋሽ አባይነህ ግን ዕድሜ ልካቸውን ጉዳይ ያስጨረሱት በወረቀት ነው፤ ከኮታቸው ውስጥ ፖስታ አወጡ። በድሮው ታይፓቸው፣ በገዛ ጣታቸው የመቱት ነበር።

«አቶ አብዱልሙሀይሚን፣ ማመልከቻ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ።

አባቴ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «አይታየኝም። ረይሀና፣ ነይ አንብቢልኝ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። «ለአቶ አብዱልሙሀይሚን፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ልጅዎን ረይሀናን ለሙኒር እንዲሰጡልን ስለመጠየቅ።» እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ቀጥይ» አለ አባቴ።

«አመልካቹ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሲሆን፣ ልጅዎ አባቴን ጥዬ አልሄድም በማለቷ፣ አመልካቹም እሷን ጥሎ መሄድ ስላልቻለ፣ እርስዎ እንዲወስኑልን በታላቅ ትሕትና እናመለክታለን።»

አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያ ኮቱ ደረት ላይ የተሰኩትን መርፌዎች ዳበሰ፤ ክር የሌለውን አንዱን ነቅሎ ለሙኒር ዘረጋለት።

«አስገባ።»

ሙኒር ክሩን አረሰ። ሳተ። ደገመ፤ ሳተ። ሀጂ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሦስተኛው ክሩ ገባ።

«ኮሌጁስ በስንተኛው ነው የተቀበለህ?» አለው አባቴ።

«በሦስተኛው።»

«በሦስተኛው ይሆንልሃል ማለት ነው።» መርፌውን ተቀብሎ መልሶ ሰካው። «እኔም ከዚያው ከኮምቦልቻ አገር የወጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የተመለስኩት ለቀብር ብቻ ነው። ይሄው መኪናዬን አስሬ፣ አሁን ወዴት ልግባ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። አንዴ ከታሰረ አይቀር ወደዚያው ይጫን። ብቻ መርፌውን አንቺ ነሽ የምታስገቢው፤ ይሄ ሰው ቀኔን ይጨርስብኛል።»

ጋሽ አባይነህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ይጠርጉት የነበረው መነጽሩን ብቻ አልነበረም።

ሙኒር ሰኞ ሄደ፤ እኔና አባቴ በወሩ ተከተልነው፤ ኒካሁም እዚያው ታሰረ። አሁን የአባቴ ስፌት ቤት ከቤታችን በር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት አሥር መርፌ አስገባለታለሁ። ጋሽ አባይነህ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ በየበዓሉ ይደውላሉ። ዶሮ ማነቂያ ግን የለም። ባለፈው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ከቴዎድሮስ አደባባይ ሽቅብ ወጥቼ ፈለግኩት። ሰፊ መንገድ፣ ንጹሕ ድንጋይ፣ የመብራት ምሰሶ። ቆንጆ ነው። የኔ ወንበር የነበረበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ማወቅ አቅቶኝ ቆሜ አለቀስኩ።

ያ ኮምፒውተር እዚህ መኝታ ቤታችን ውስጥ አለ። ሙኒር አዲስ ነገር ሊጭንበት ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ እምቢ ብያለሁ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ማሽን ላይ አንዲት ቃል ቀድቼ አላውቅም፤ አንድ ከገባ አንድ ይወድቃላ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፍቼ ሁለቱን ቁልፍ እጫንና ከታች ወደ ላይ አነባለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደገና የቀዳኋቸውና ሙኒር ያን ቅዳሜ ሳይደመስሳቸው የተዋቸው ናቸው። የእትዬ አስካለ የቤት ቁጥር፤ ቤቱ የለም። የሀጂ እንድሪስ የሱቅ ፈቃድ፤ ሱቁ የለም። የአቶ ገብረዮሐንስ የልጅ ልጅ፣ ማክዳ፣ ሌሎቹም። ከዚያ የኔ፣ ከዚያ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ ከሁሉም በላይ የሱ።

አንዱ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ያን ዓርብ እኔ የጻፍኩትን ስቆርጠው ከሥር አንድ ሰው ወድቋል። ቅዳሜ ሙኒር የሱን ሲጨምር ደግሞ ሌላ። ሁለታችን እንድንገባ ከሰፈሩ ሁለት ሰው ወጥቷል። እነማን እንደነበሩ፣ ምን እንዳመለከቱ ለማስታወስ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልመጣልሽ አለኝ። መልሳቸው ደርሷቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እንዲህ ስሆን ሙኒር ከኮሌጅ ተመልሶ በሩን በክርኑ ገፋ ያደርጋል፤ ሁለት እጁ ላይ ሁለት ማኪያቶ።

«ኪስሽ እንዴት ነው?»

«ሙሉ ነው» እለዋለሁ።